በመግሪብ የሚከፈት ስልክ

ዓዲላ ፈርታ ታውቃለች? ልጇን ሙንታሲርን ይህን ቢጠይቁት እንጃ ነው የሚለው። አባቱ በአንድ ሌሊት ትኩሳት ሲሞት አጠገቧ ነበር፤ እናቱ አልጮኸችም። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ዘመዶቿ ግቢዋን ሲሞሉትም አይቷታል፤ ትልቁን ድስት ጣደች እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ፍርሃት ካላት የት እንደምታስቀምጠው ልጇ አንድም ቀን ደርሶበት አያውቅም። እሱ ራሱ ግን ለሁለት የሚበቃ ፍርሃት ያለው ሰው ነው። አሶሳ ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁን አቁሞ ምሳ ሲበላ እንኳ ጎማው ተንፍሶ ይሆን እያለ በየጉርሻው ዘወር ብሎ ያያል።

ዓዲላ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች፣ መብራት ባልገባባት መንደር ነው። ባሚያ፣ ለውዝና ማንጎ እያመረተች በገበያ ቀን ታወጣለች። ሴት ልጇ ኢቲዳል አግብታ ከባሏ ጋር አውስትራሊያ፣ ፐርዝ የሚባል ከተማ ከገባች በኋላ አንድ ያገለገለ ስልክ ላከችላት። ስልኩ መልኩ ያምራል፤ ባትሪው ግን ደክሟል። ገመዱም ወደ ግራ ጠምዘዝ ተደርጎ ካልተያዘ አይቀበልም። ዓዲላ ገበያ በወጣች ቁጥር ዓም ኻሚስ ጋ ቻርጅ ታስደርገዋለች። ዓም ኻሚስ ገበያው ጫፍ ላይ ባለች ቆርቆሮ ቤት፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረገ የሚኖር ሽማግሌ ነው።

ያንን ቻርጅ እስከሚቀጥለው ገበያ ለማድረስ ዓዲላ እንደ መንደሯ ሰው ሁሉ አንድ ሥርዓት አላት። ስልኩ የሚከፈተው ከመግሪብ እስከ ኢሻ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ትሰግዳለች፤ ከጣሪያው ቀርከሃ ላይ የተንጠለጠለውን ቅርጫት ታወርዳለች፤ ስልኩን ከላስቲኩ ፈታ ትከፍትና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች። የማታው ሶላት ሲደርስ ትዘጋዋለች። መደወል አታውቅም፤ መልእክትም አታነብም። የምታውቀው ሲጠራ አረንጓዴዋን መግፋት ነው። የሚፈልጋት ሁሉ ሰዓቷን ያውቃል። ኢቲዳል ሳትቀር፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን ከአልጋዋ ተነስታ የምትደውለው ለዚህ ነው።

ኢቲዳል የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ እናቷን አስጠራቻት። ቪዛው መጣ፣ ትኬቱ መጣ፣ በየአገሩ ይሠራል የተባለ ሲምም በመንገደኛ እጅ መጣ። መንገዱ ረጅም ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ በርራ ሲንጋፖር፣ እዚያ አድራ ደግሞ ወደ ፐርዝ። አውሮፕላን ስትቀይር እጇን ይዞ የሚያደርሳት ሠራተኛ እንዳለ ተነግሯቸዋል። ሙንታሲር ግን ሐሳቡ ሁሉ ስልኩ ላይ ነበር። በመንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅስ? ሰው የማያውቃት፣ ሰው የማታውቅ ሴት፣ ከሞተ ስልክ ጋር? ሄዶ ትልቅ ፓወር ባንክ ገዛላት፤ እንዳይሰረቅባትም ብሎ ከደረቁ ባሚያ ሥር፣ ሻንጣው ሆድ ውስጥ ቀበረው።

አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ፈተናት።

"ኡሚ፣ ምን ነበር ያልኩሽ?"

"ኢቲዳልን በዓይኔ ሳላይ ከማንም ጋር እንዳልሄድ።"

"ኢቲዳል ላከችኝ የሚል ሰው ቢመጣስ?"

"ውሸታም ነው።"

"የእኔን ስም ቢጠራልሽስ?"

"ሌባ ነው። አንተ ልጅ፣ እናትህን ነው የምትሸኘው ወይስ ፍየል ነው የምታስነዳው?"

ሳቀችና ገባች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሠራተኛ ፓወር ባንኩን ይዞ ወጣ።

"የዓዲላ ቤተሰብ ማነው? ይሄ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በእጅ ነው የሚያዘው።"

"ታዲያ በእጇ ስጡልኝ!"

"እሷ ተፈትሻ ገብታለች። እኛ ደግሞ የሰው ዕቃ ተቀብለን አናሻግርም፤ ይቅርታ ወንድሜ።"

ሙንታሲር ፓወር ባንኩን እንደታቀፈ አውሮፕላኑ ሲነሳ አየ። የገዛ እጁ ነው የቀበረው። እቤቱ ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ፊቱን ማየት ሲያቅተው ደግሞ በጨርቅ ሸፈነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከፐርዝ ተደወለ። ሙዐዊያ ነው፣ የኢቲዳል ባል። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

"ምጡ ያለ ቀኑ መጣ። ሆስፒታል ነን። ሐኪሞቹ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል እያሉ ነው፤ ጥያት የትም አልሄድም። ነገ እናታችንን የምትቀበላት ሔለን የምትባል ያገራችን ልጅ፣ ጎረቤታችን ናት። ጥሩ ሰው ናት። ብቻ አንተ ንገራት፤ ካልነገርካት ከሔለን ጋር አትሄድም።"

"አትሄድም" አለ ሙንታሲር። ያስጠናት እሱ ነው። እናቱ ደግሞ አንዴ የያዘችውን የምትለቅ ሰው አይደለችም። አሁን ሲንጋፖር ደርሳለች፤ ነገ በጠዋት ትነሳለች። ከዚያ በፊት ድምፁን ካልሰማች፣ በማታውቀው አገር በር ላይ የመጣላትን ሰው ትመልሳለች። ቀጥሎ የሚሆነውን ማሰብ አልቻለም።

ደወለ። በማያውቀው ቋንቋ አንዲት ሴት የሆነ ነገር አለችው። ዝግ ነው ማለቷ ነው። ለሙዐዊያ መልሶ ደወለና ነገረው።

"መግሪብ ላይ ትከፍት የለ?" አለ ሙዐዊያ።

"ትከፍታለች። እንኳን እዚያ፣ ባሕር ውስጥም ብትሆን ትከፍታለች።"

በዚህ ሁለቱም ትንሽ ተነፈሱ።

የዚያን ቀን ከተማው መብራት አልነበረውም። የሙንታሲር ስልክ ግማሽ አልሞላም። ለመግሪብ አንዲትም የባትሪ መስመር እንዳትጎድልበት ብሎ ከምሳ በኋላ ዓም ኻሚስ ጋ ወሰደው።

"ሶላሩ ላይ አድርግልኝ። ደግሞ ዝጋው፣ ቶሎ እንዲሞላ።"

ከሰዓት በኋላውን ስልኩ ተዘግቶ ከሌሎች ስልኮች ጋር የቻርጅ ቦርዱ ላይ ተኛ። እሱ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ፀሐይዋን ሲያይ ዋለ። ተሳፋሪ መጣበት፤ "አልሠራም" አለው። ሌላ መጣ፤ "ተበላሽታለች" አለው። ፀሐይዋ ግን ንቅንቅ አትልም።

አዛን እንደተሰማ ስልኩን ነጥቆ ከፈተው። ደወለ። ያቺው ሴት። ሰግዶ ተመልሶ ደወለ። ያቺው ሴት። ኢሻ ደረሰ፣ አለፈ። ከሰባት ዓመት በፊት ያ ስልክ መንደር ከገባ ጀምሮ እናቱ መግሪብን አሳልፋ አታውቅም። ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ ተሰርቃለች፣ ወይ ደግሞ…

ዓም ኻሚስ የሰገደበትን ምንጣፍ እየጠቀለለ በዓይኑ ይከታተለው ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ሴትዮዋን ልታገባት ነው እንዴ እንዲህ የምትደውልላት?"

ሙንታሲር አልሳቀም። ጉዳዩን ነገረው። ሽማግሌው ምንጣፉን እንደያዘ ቆመ።

"እሷ ያለችበት አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል።"

"እሺ። ዓዲላ መግሪብን የምትሰግደው በየትኛዋ ፀሐይ ነው? ከአሶሳ ይዛት ሄዳለች?"

ሙንታሲር ቦርዱ ጥግ ቁጭ አለ። እዚያ ፀሐይ የጠለቀችው እሱ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይቺን ፀሐይ ሲያይ ነው። እናቱ ሰግዳ፣ ስልኳን ከፍታ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትጠብቅ፣ የእሱ ስልክ ተዘግቶ ይኸው እዚህ ተኝቶ ነበር።

"እንኳን አንተ፣ እኔም እስካሁን አላሰብኩትም" አለ ዓም ኻሚስ ቀስ ብሎ። "ሂድ ጋደም በል።"

ጋደም አለ፤ አልተኛም። እየደወለ አነጋ።

ጠዋት የዓም ኻሚስ ቤት ሲከፈት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩን ገመድ ላይ ሰካ፤ ከገመዱም አልራቀም። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጠራ።

"ሙንታሲር ነህ? ሔለን እባላለሁ፣ ከፐርዝ ነው። እናትህን ማግኘቱስ አግኝቻታለሁ፤ መውሰድ ነው ያቃተኝ።"

"ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነችም። ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ በተሰባበረ አማርኛ 'አንተ ሌባ ነው፣ ሂድ ከዚህ' ትለኛለች። ሴት መሆኔንም አላመነችኝ መሰለኝ። ብቻ ሁለት ጥበቃዎች እያዩን ነው፤ አሁን መጥተው ይጠይቁናል። ምን ላድርግ?"

"ድምፁን ክፈችልኝና ስልኩን ወደ እሷ አስጠጊው።"

በሁለት እጁ ስልኩን ያዘና በቤታቸው ቋንቋ፣ በበርታ ተጣራ።

"ኡሚ! እኔ ነኝ!"

"አንተ ማነህ?"

"ሙንታሲር ነኝ።"

"ሙንታሲር የሚደውለው በመግሪብ ነው። ትናንት መግሪብ ላይ ማንም አልደወለልኝም።"

"ኡሚ፣ ፀሐይዋ… እዚያ ቀድማ ትጠልቃለች። እኔ ተሳስቼ ነው። ድምፄ ጠፋሽ?"

"ድምፅማ እዚህ አገር ግድግዳውም ያወራል። ሙንታሲር ከሆንክ በእኔ ስልክ ደውል።"

"ስልክሽ ክፍት ነው?"

ስትመልስ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ሞተብኝ። ማንም ሳይደውል ሲቀር መዝጋት አቃተኝ። ኢሻንም አሳልፌ ከፍቼው ስጠብቅ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ጠፋ። የእነሱ ግድግዳ ቀዳዳው ሦስት ነው፣ የእኔ ቻርጀር እግሩ ሁለት።"

ዓም ኻሚስ ከኋላው ሆኖ "ቻርጅ! ሴትዮዋን ቻርጅ ያላት እንደሆነ ጠይቃት!" ብሎ ጎነተለው።

"እህቴ ሔለን፣ ፓወር ባንክ ይዘሻል?"

"ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ግን ስልኳን አትሰጠኝም እኮ፣ ጡቷ ሥር ነው የያዘችው።"

"አትቀበያት፤ እንዳትነኪውም። ገመዱን እሷው ታውጣና በስልኩ በኩል ያለውን ጫፍ ራሷ ትያዝ። አንቺ ሌላውን ጫፍ ብቻ ፓወር ባንኩ ላይ ሰኪ። ኡሚ፣ ሰምተሻል? ስልኩ ከእጅሽ አይወጣም። ወደ ግራ ጠምዝዘሽ ያዥው።"

"እኔን ታስተምረኛለህ?" አለች ዓዲላ።

ከዚያ ሔለን ሹክ አለችው፤ "ጥበቃው መጣ። ቆይ፣ ላናግረው።" የእንግሊዝኛ ንግግር ተሰማ፤ ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ።

ሙንታሲር የእናቱን ቁጥር ደወለ። ያቺው ሴት። በሐሳቡ ሁለቱን ሴቶች አያቸው፣ የማይተዋወቁ፣ በአንዲት ገመድ ጫፍና ጫፍ የተያያዙ፣ ከአናታቸው ደግሞ ጥበቃ የቆመባቸው። ደወለ። ያቺው ሴት። ዓም ኻሚስ ቻርጅ ሊያስደርግ የመጣውን ሰው ሁሉ በእጁ ዝም እያሰኘ በር ላይ አቆመው። ደወለ። ያቺው ሴት። ደወለ።

ጠራ።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለች ዓዲላ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው።

"ኡሚ፣ እኔ ነኝ።"

"አሁን አንተ ነህ። ኢቲዳል የት አለች?"

"ሆስፒታል ናት፤ ምጥ ላይ። ከሔለን ጋር ሂጂ። እኔ ነኝ የምልሽ፣ ሂጂ።"

"ወለደች?"

"ገና ነው።"

"ታዲያ ልጄ እያማጠች ለምን እዚህ ወሬ ታስወራኛለህ? ዝጋ!"

ዘጋች። ዓም ኻሚስ ቤት በር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙንታሲር ግን አልሳቀም፤ የእህቱ የደም ግፊት ትዝ ብሎታል። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ጀመረ።

ከቀትር በኋላ ሙዐዊያ ደወለ። መጀመሪያ የሰማው የሕፃን ለቅሶ ነው። ወንድ ነው፤ እናቱም ደህና ናት። ዓዲላ ምጡ ሳያልፍ ደርሳ የልጇን እጅ ይዛለች። ከአሶሳ ከተነሳች ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ አልተኛችምም። ብሉ ቢሏት፣ ተኚ ቢሏት፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ ትተኛ" ብላ ወንበሩን ከአልጋው አስጠግታለች።

"አንዴ አገናኘኝ" አለ ሙንታሲር።

"ቆይ፣ ልይልህ።" የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ፤ ከዚያ ሹክሹክታ። "ኢቲዳል ተኝታለች። እናታችንም ወንበሩ ላይ እንዳለች አሁን እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ልቀስቅሳት?"

"አትቀስቅሳት" አለ።

ፐርዝ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አሶሳ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር።