ጥቁር የማይሰፋው ልብስ ሰፊ

ከሱቁ በር በላይ በገዛ እጁ የጻፋት ጣውላ ተሰቅላለች፤ «ጥቁር አንሰፋም» ትላለች። ከሥሯ ያለው ክፍል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነው፤ ብርሃን ግን ሞልቶበታል። አንሶላው ነጭ፣ የነርሶቹ ጋውን ነጭ፣ የተማሪው ሸሚዝ ነጭ። በዚህ ሁሉ ንጣት መካከል ሰውየው ነጭ የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ያንጎራጉራል። ሰፈሩ ስሙን ረስቶ «ነጩ» ይለዋል።

ጥቁር የማይሰፋበትን ምክንያት የማያውቅ የለም፤ የሚያውቀው ግን ሁሉም የየራሱን ነው። አንዱ ስለት አለበት ይላል፤ ሌላው ነጭ ስለሚወድ ነው ይላል። እሱ ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ «ዓይኔ ደክሟል፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ አይለይልኝም» ብሎ ይመልሳል። ውሸቱን ነው። የእሱ ዓይን ቁንጫ ስታዛጋ ያያል።

እውነቱ ከቆቡ ሥር ነበር። ፎረፎር! ከግንባሩ ጫፍ እስከ ማጅራቱ፣ ከጆሮው ጀርባ እስከ ቅንድቡ የሚያሳክክ፣ ሲያኩት የሚያቃጥል፣ ሲተዉት የሚጣራ፣ እንደ አመድ የሚረግፍ ፎረፎር። የእንጨት ማስመሪያውን ጫፍ በቆቡ ሥር አሾልኮ ሲያክ ደንበኛ ከገባበት፣ ልኬት የሚያስብ መስሎ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሙሽራ ጥቁር ሱፉን ሊወስድ መጥቶ መስታወቱ ፊት ቆመ። ትከሻውን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገና ጓደኞቹ እየሰሙ፣

«ጌታው፣ ይሄን የሰፉት ወፍጮ ቤት ገብተው ነው እንዴ?» አለ።

ጓደኞቹ ሳቁ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ጣውላዋን ሰቀለ፤ ቆቡንም ደፋ።

እንዲህ ሆኖ ኖረ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁ አንድ ጥቅል በክንዷ አቅፋ እስክትገባ ድረስ።

ልጁ አንድ ናት። ሕፃን ሳለች ከመኪናው ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ነበር የምትተኛው። እሱም ፔዳሉን እየረገጠ፣ ከእግሩ ምት ዜማ እየመዘዘ፣ እንዲህ ይልላት ነበር፤

«ቀስ በይ መኪናዬ፣ ቀስ በይ በዝግታ፣
ልጄ እንቅልፍ ወስዷታል ከሥርሽ ተኝታ።»

ያቺ ሕፃን ዛሬ በከተማው የኅብረ ዜማ ቡድን ውስጥ ታዜማለች። ድምጿ ከፍ ሲል የሰማው ሰው የያዘውን ዕቃ ያስቀምጣል።

«አባዬ፣ እንኳን ደስ ያለህ በለኝ! ለብቻዬ የማዜመው እኔ ሆንኩ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ዓለም!» ብድግ ብሎ ጉንጮቿን ሳማት።

«ቀሚሱን የምትሰፋው ደግሞ አንተ ነህ። ሰባት ሳምንት አለህ።» ጥቅሉን ፈታችው። ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ነበር፤ ብርሃን የሚጠጣ፣ እጅ ሲነካው እንደ ድመት ጀርባ የሚለሰልስ።

ልብስ ሰፊው ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ።

«ጣውላዋን አንብቤያለሁ፣ አባዬ። ፊደል የቆጠርኩት በእሷው ነው። ግን ሌላ ሰው የሰፋውን ለብሼ እዚያ መድረክ ላይ አልቆምም። ዘንድሮ ያልሰፋህልኝ መቼ ልትሰፋልኝ ነው?»

«ዓይኔ…»

«አውቃለሁ» አለችና ድምጿ ስብር አለ። «ስለ ዓይንህ አውቃለሁ። አስብበት ብቻ።» ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

በሁለተኛው ጠረጴዛ ቁልፍ የምትተክለው ባልደረባው ሁሉን ሰምታለች። በአፏ ስለት የተነሳ «መርፌ» የሚሏት ሴት ናት። ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሰውየው ከፋዩን ዘርግቶ አንገቱን ሲደፋ አየችው። አንድ ነጭ ቅንጣት ወረደ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሦስት፣ አራት።

«ጋሼ፣ እሰይ!» አለችው። «ሰማዩ ኮከቦቹን አወጣ።»

«ዝም በይ፣ አንቺ።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ። ዓይንህ ደህና እንደሆነ አጥቼው ነው? ዛሬ ግን የልጅህ ድምፅ ሲሰበር ሰማሁ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

«ለፎረፎር ሐኪም? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ወፍጮ ቤት ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ ምን ይበልህ!»

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ጋውኗን ሲያይ የገዛ እጁ ስፌት መሆኑን በኮሌታው አወቀ። ይህ ትንሽ ድፍረት ሰጠው፤ ብዙ ግን አላቆየውም።

«ቆብዎን ያውልቁልኝ፣ አባቴ።»

«ብርድ ይመታኛል።»

«መስኮቱ ዝግ ነው።»

«ከነቆቡ ማየት አይቻልም?»

መርፌ ከኋላው ደርሳ ቆቡን ላጥ አደረገችው። «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፤ ሲደበቅ የኖረ ሀብት!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ፀጉሩን በጥንቃቄ እየከፈለች ቆዳውን በብርሃን አየች። ከጆሮው ጀርባም ተመለከተች።

«በምን ነው የሚታጠቡት?»

ከኪሱ እንደ ጥፍር የሳሳች ደረቅ የልብስ ሳሙና አወጣ። ሰፊዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ መስመር የሚያሰምሩት በእንዲህ ዓይነቷ ነው። እሱ ጥቁር ከተወ ወዲህ ሳሙናዎቹ ሥራ ፈትተው ወደ ራሱ ተዛውረዋል። በየማለዳው አጥብቆ ይፈትግበታል። ለሰፊ ዓይን ነጭም ሆነ ቀይ፣ የማይፈለግ ነጠብጣብ እድፍ ነው፤ የእድፍ መልስ ደግሞ ሳሙና።

«ሲደርቅብዎትስ ምን ይቀባሉ?»

ልብስ ሰፊው ጫማውን አየ። መልሱ የመጣው ከመርፌ ነው። «የስፌት መኪና ዘይት።»

«ምን?»

«ቀጭን ዘይት እኮ ነው» አለ እሱ ቶሎ ብሎ። «መኪናዋ ሲጢጥ ስትል ሁለት ጠብታ ይበቃታል። እኔም…»

«እሱም ሲጢጥ ይላል» አለች መርፌ። በዚህ ጊዜ ሐኪሟም አልቻለችም፤ ሦስቱም ሳቁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያፈረበት ነገር በሳቅ ሲታጀብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብስ ሰፊው ያን ዕለት አየ።

«አባቴ፣ እድፍ ቢሆን ኖሮ ይለቅ ነበር» አለች ሐኪሟ። «በሁላችንም ራስ ላይ በዓይን የማይታይ ፈንገስ ይኖራል። የእርስዎን ቆዳ አልተስማማውም፤ ተቆጥቶ ነው የሚረግፈው። ሳሙናው ያስቆጣዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።»

«ይቅርታ፣ የመጨረሻውን ድገሚልኝ።»

«የንጽሕና ጉድለት አይደለም።»

ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። የመድኃኒት ሻምፑ ጻፈችለት፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ እስከ ቆዳው ድረስ እያሸ፣ አረፋው አምስት ደቂቃ ቆይቶ በደንብ ይለቅለቃል። አንድ ወር እንዲህ ካደረገ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን። «ጠፋልኝ ብለው እንዳይተዉት፤ ይመለሳል። ግን በእጅዎ ይሆናል፤ እንደ ድሮው አይገዛዎትም» አለችው።

አምስት ደቂቃ! ዓይኑን ጨፍኖ፣ አረፋ ተሸክሞ፣ ሰዓት በምን ይይ? በምን ያውቀዋል፣ በሚያውቀው ዜማ ነዋ። ያቺ የመኪና ዜማ ሃያ ጊዜ ስትደጋገም አምስት ደቂቃ እንደምትሞላ በሰዓት ለክቶ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ በእሑድና በረቡዕ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ ዜማ ይፈስ ጀመር።

በሦስተኛው እሑድ ልጁ በሩን አንኳኳች።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ያንኑ ዜማ ስንቴ ነው የምትለው?»

«አሥራ አንድ ሆኗል፤ ዘጠኝ ይቀረኛል። አታቋርጪኝ፣ ቁጥሩ ይጠፋኛል!»

«የምን ቁጥር?»

አረፋው በሰውየው ጆሮ ላይ ይወርዳል። ፊት ለፊት ቢሆን ባልወጣው ነበር፤ በሩ ተዘግቶ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ ስለነበረ ግን ወጣው። ስለ ሙሽራው ነገራት። ስለ ቆቡ፣ ስለ ሳሙናው፣ ስለ ዘይቱ ሳይቀር። «ዓይኔስ ደህና ነው፣ የኔ ዓለም። የዋሸሁት አፍሬ ነው።»

ከበሩ ወዲያ የልቅሶ ይሁን የሳቅ ያልለየለት ድምፅ መጣ።

«እኔ እኮ ዓይንህ እየጠፋ መስሎኝ ነበር! ሳይጨልምብህ አንድ ጥቁር ቀሚስ ይስፋልኝ፣ ለብሼውም ይየኝ ብዬ ነው የቸኮልኩት። ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ መሰለህ… ለፎረፎር!»

«ይቅር በይኝ።»

«አልልህም! መጀመሪያ ታጠብ።» ከዚያ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ እሱ ሰምቶት የማያውቀውን ስንኝ በዚያው ዜማ አወጣች፤

«ሩጪ መኪናዬ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል፣
አባቴ ሲያንጎራጉር እንቅልፍ መች ይዞኛል።»

«አልተኛሽም ነበር እንዴ?» አለ ከውስጥ።

«አንድም ቀን።»

ቀሪዎቹን ዘጠኝ አብረው አሉት። ምናልባት አሥራ ሁለትም ሳይሆን አይቀርም፤ የቆጠረ አልነበረም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው ማስመሪያውን አንስቶ ወደ ራሱ ሊልክ ሲል ቆም አለ። ምንም የሚጠራው የለም። ቆዳው ዝም ብሏል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ እንዳለ ጣሪያ ዝም ብሏል። ቆቡን አወለቀ፤ ከፋዩን ከፊቱ ዘርግቶ አንገቱን ደፋ። ሳሙናዋ ከኪሱ ወጥታ ወደ ጥንት ሥራዋ ተመለሰች፤ ትከሻውን፣ ወገቡን፣ እጅጌውን አሰመረች። መርፌም ቁልፍ መትከሏን ትታ ስታየው ቆየች።

«ምን ታያለሽ?»

«ጨርቅ» አለች። «ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ጋሼ።» ወዲያውም ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ፣ አቧራ ነው አለች።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ ሰፊው ራሱን ገልጦ ሄደ። ከመድረኩ ጀርባ ልጁ በጥቁሩ ከፋይ ተሸልማ ስትዞርለት፣ ቀሚሱ ከወገቧ እንደ ውኃ ሲወርድ፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ድንገት ዓይኑ በቀኝ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ነጭ ነገር አለ።

አሥራ ዘጠኙ ዓመት ተግተልትሎ መጣበት። እጁ ቆቡን ፍለጋ ወደ ኪሱ ገባ፤ ቆቡ ቤት ነው።

መርፌ ግን ቀድማ ደርሳ ነጩን በጣቷ አነሳችው። ምራቋን ጠብ አድርጋ አሸችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ጣቷን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት።

«ሳሙና! የመስመርህ ሳሙና ነው፣ አንተ ሰውዬ! ይኸው አረፋ!»

ሦስቱም አፋቸውን በእጃቸው አፍነው፣ መድረኩ እንዳይሰማ እየታገሉ፣ እስኪያነቡ ሳቁ። ልጁ በሳቅ በጋለ ፊት ወደ ብርሃኑ ወጣች።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዋ የቆሙት ሃያ አራት የቡድኑ ሴቶች እግራቸውን በዝግታ ይመቱ ጀመር፤ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ፣ ልጁ ያስጠናቻቸው የስፌት መኪና ፔዳል ምት። ልጁም አፏን ከፈተች፤ «ቀስ በይ መኪናዬ…»

ከፊት ረድፍ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ሲጨንቀውም ሲደሰትም እንደ ልማዱ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። የሚታከክ ነገር አላገኘም። እጁ ጥቂት አየር ላይ ዋለለችና ወርዳ ጉልበቱ ላይ አረፈች፤ ከዚያም ከሃያ አራቱ ሴቶች እግር እኩል ምቱን መምታት ጀመረች።