የበረዶ ጎማዬ ቀን ወጣለት

ሲስቅብኝ የከረመው ጎረቤቴ ዛሬ ጠዋት ለምኖኝ መኪናዬ ውስጥ ገባ!

እኔ ጭንቀታም ነኝ፤ ሚስቴም ትመሰክራለች። መስቀል እንዳለፈ ሁሉን አዘጋጀሁ፦ የበረዶ ጎማ፣ አካፋ፣ በረዶ ማቅለጫ ጨው፣ ብርድ ልብስ።

ጎረቤቴ ሽፈራው ፓርኪንጉ ውስጥ ጎማ ስቀይር አየኝና "አንተ ፈሪ፣ ገና ጥቅምት ነው እኮ! ፀሐይዋን አታያትም?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ካናዳ ያለው ሰፈራችን፣ የጄን ኤንድ ፊንች ሀበሻ ሁሉ "ጋሼ በረዶ" ይለኝ ጀመር።

ዛሬ ስንነሳ ሰፈሩ ነጭ ሆኗል። ሽፈራው ደግሞ ስንት ዓመት የጠበቀው የዜግነት መሐላው ዛሬ ነው። በሙሉ ልብስ፣ ከነክራባቱ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። አውቶቡስም የለም።

"ጋሼ በረዶ፣ በእናትህ አድርሰኝ!"

"ገና ጥቅምት ነው እኮ" አልኩትና በሩን ከፈትኩለት።

ደረስን! እሱ እጁን አንስቶ ሲምል እኔ ከኋላ ቆሜ እንደ ሙሽራ አባት ደረቴን ነፋሁ።

ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ "እንኳን ደስ አለህ" አልኩት።

"አሁን ካናዳዊ ሆኛለሁ" አለኝ፤ "የበረዶ ጎማውን የት ነው የገዛኸው?"

እናንተስ፣ ፈሪ ተብላችሁ ቀን የወጣላችሁ አላችሁ? አጫውቱኝ፤ ዛሬ እንደሆነ እንቅልፍም አይወስደኝ!