ሙዚየም የገባው ባና

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔ የምቀናው በሞተች ሴት ነው።

ባሌ ሾፌር ነበር፤ ከጎንደር ሽሬ የጭነት መኪና ሲነዳ ነው የኖረው። እኔን ያገባኝ የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው። ደባርቅ ያለው ቤቱ ስገባ ዕቃዋ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ጠበቀኝ። ድስቱንም ወንበሩንም ለመድኩት። አልጋው ላይ ያለውን ባና ግን መልመድ አቃተኝ። የበግ ጠጉሩን በእንዝርት የፈተለችው እሷ ናት፤ ሊማሊሞ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ሲያድር ብርድ እንዳይጎዳው ብላ ሸማኔ ዘንድ ወስዳ አሠራችለት። የደባርቅ ብርድ ደግሞ ያለ ባና አያስተኛም። ስለዚህ በየማታው የጣውንቴን ፈትል ለብሼ እተኛ ነበር።

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምስጋና ግን አያውቅም። ወጡ ሲጥመው ዝም ብሎ ይጨምራል። አዲስ ቀሚስ ስለብስም ዝም ነው። የሷ ነገር ከተነሣ ግን አፉ ይፈታል። ባናውን እየዳሰሰ፣ “እጇ ለብቻው ነበር” ይላል። እኔ ከዚህ ሰው የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የኔንም እጅ አንድ ቀን እንዲያመሰግንልኝ።

አንድ ክረምት አልቻልኩም።

“ይህ ባና ከቤት ይውጣልኝ” አልኩት።

“የት ላድርሰው?”

“የፈለግህበት። ለደሀ ስጠው።”

አጣጥፎ በብብቱ ይዞት ወጣ። ተገላገልኩ ብዬ ጋቢ ደራርቤ እንደ ሰው ተኛሁ።

ለካ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ባናውን የወሰደው ከተማችን መሀል ወዳለው አሮጌ መናፈሻ ኖሯል። እዚያ ጥዶቹ ሥር ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ጎራ ይልበታል። ባናውን ከጋሻውና ከዋልያው ቀንድ አጠገብ በመስታወት ሳጥን አስገቡት። አምፖል አበሩለት፤ “የሊማሊሞ ሾፌሮች ባና” የሚል ካርድ ለጠፉለት። እቤት እያለ በእግራችን እየገፋን የምንተኛበት ጨርቅ “አይንኩ” ተባለለት።

ባሌም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ “ትንሽ አየር ልቀበል” ማለት ጀመረ። ጫማውን ይወለውላል፣ መስታወት ያያል። አየር ለመቀበል መስታወት ማየት ምን ይሠራል? መናፈሻው ውስጥ አበባ አለ፤ ሰው ፎቶ የሚነሣበት የሲሚንቶ ዋልያ አለ። እሱ ግን በሁሉም አጠገብ አልፎ ቀጥታ ወደ ድንጋይ ቤቱ ነው። እኔ ከቤት ባስወጣት፣ እሷ ቀጠሮ ሰጠችው።

አንድ እሑድ ተከተልኩት። ከዳባት የመጡ መምህራን እየጎበኙ ነበር። አስጎብኚዋ ልጅ ባሌን ስታየው፣ “ጋሼ፣ የባናው ባለቤት እርስዎ አይደሉ? እስኪ ይንገሩልን” አለችው። እኔ በሩ አጠገብ፣ የድንጋይ ወፍጮው ጋ ቆምኩ፤ አላየኝም። ስለ ብርዱ አወራ፣ ስለ ጠመዝማዛው መንገድ፣ ስለ እሷ እንዝርት። እያረርኩ ሰማሁት። ከዚያ ጣቱን ወደ ባናው ጥቁር ጠርዝ ዘረጋ።

“ሌላውን ተዉት፤ ይህን ጠርዝ እዩልኝ። ባናው እንዲህ ሲሳሳ ይህ አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ እጅ ደባርቅ ሁለተኛ አላየም” አለ።

መምህራኑ ጠጋ ብለው አዩ። አንዷ፣ “እጇ ይባረክ” አለች።

“ነፍስ ይማር” አለ ባሌ።

ያንን ጠርዝ የሠራሁት እኔ ነኝ። በተጋባን ዓመት እሱ መንገድ ላይ ሳለ ባናውን አይጥ ዙሪያውን በላችው። ከእናቴ አገር ከጃናሞራ የጥቁር በግ ጠጉር አስመጥቼ፣ ራሴ ፈትዬ ዙሪያውን ጠርዝ ሰፋሁለት። ሲመለስ ያየዋል ብዬ ጠበቅሁ። ልብ ሳይለው ተከናንቦት ተኛ።

“የኔ ነው” ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ባሌን አውቀዋለሁ። የኔ መሆኑን የሰማ ዕለት ስለ ጠርዙ ማውራት ይተዋል፤ ወደ ዝምታው ይመለሳል። አፌን ዘጋሁ።

አሁን እሑድ ሲመጣ ከኋላው ሄጄ እዚያው በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ስለ እሷ እንዝርት ሲያወራ እንደ በፊቱ አርራለሁ። ጠርዙ ጋ ሲደርስ ግን ትንፋሼን ይዤ፣ በቁሜ “ነፍስ ይማር” ስባል አዳምጣለሁ።