አራት ኢንች

መኪና ከፍ የሚደረገው ጭቃ ለሚበዛበት አገር ነው ይባላል። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ከሸቤ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቡና ገበሬዎቹ የሚያስገባው መንገድ ዝናብ ሲበዛበት መንገድ መሆኑ ይቀራል። ጎማ ግራና ቀኙን ሲቆፍረው መሐሉ ላይ ጉብታ ይቀራል፣ ፒክአፔም በሆዷ ጉብታው ላይ ትተኛና አራቱም ጎማ በባዶ ይሽከረከራል። ቡና የምሰበስብ ሴት ነኝ። እንዲህ ባለ ቀን የሚያወጡኝ ወንዶች ናቸው፤ ገመድ እያሰሩ፣ "እትዬ፣ እርስዎ መሪውን ብቻ ይያዙልን" ይሉኛል። ያቺ "ብቻ" ከጭቃው ይልቅ ታበግነኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት በስልኬ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። መኪናዋን ከፍ ለማድረግ ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ሁለት ኢንች ከሆነ ከፊት ሞላው ላይ ማስረዘሚያ ይገባል፣ ከኋላ ባሌስትራው ትንሽ ይነሳል፣ በቃ። የሸቤ ጉብታ ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። አራት ኢንች ከሆነ ግን ሞላውም ባሌስትራውም ይቀየራል፣ ጎማው ይተልቃል፣ መኪናዋም ኩርባ ላይ መወላወል ትጀምራለች። መካኒኩ በሁለቱም ዓይነት የተሠሩ መኪኖች ግቢው ውስጥ ስለነበሩት "ወጥተሽ ሞክሪያቸው" አለኝ።

ሁለት ኢንች የተነሳችው ላይ ስቀመጥ ያው የራሴ መኪና መሰለችኝ። አራት ኢንች የተነሳችው ላይ ስወጣ የጋራዡን አጥር አሻግሬ አየሁ፤ በመንገዱ የሚያልፉትን ባጃጆች ጣሪያቸውን ከላይ አየሁት። በዚህ መሐል አንድ የማውቀው የቡና ነጋዴ በበሩ ገባና ሰላም ሊለኝ ቀና አለ። ከዚያ በፊት እኔን ለማየት ቀና ያለ ነጋዴ አላስታውስም።

"አራት" አልኩ።

መካኒኩ ከበሩ ስር ያለውን የመውጫ መርገጫ መንገድ ላይ ድንጋይ ሊመታው እንደሚችል ነግሮኝ፣ "እንፍታው ወይስ ይኑር?" ሲለኝም "ፍቱት" አልኩ። ያለ መርገጫ ታምራለች ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ወደ ቤቴ፣ ወደ አወቱ መንደራ ይዣት ስገባ መጀመሪያ ያዩዋት አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ አባታችን ሲሞት እኔንና ታናሽ ወንድሜን "አባት አላችሁ" ያሉን እሳቸው ነበሩ፣ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩና "ማሻአላህ! ግመል አደረግሻት!" አሉ። ከዚያ ቀኝ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረጉ፣ "ኢንተላኮ፣ እኔስ በምን እወጣለሁ?" አሉኝ።

"እኔ እሸከምዎታለሁ፣ አባባ!"

ሁለታችንም ሳቅን። አባባ "ልጄ" ማለታቸውን ትተው በኦሮምኛ "ኢንተላኮ" ሲሉኝ ከልባቸው መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አላስተዋልኩም።

ጥቅምት ላይ ወንድሜ ሚስት ሊያገባ ቆረጠ። ልጅቷ የሸቤ ልጅ ናት፤ እሷ እሺ ብላለች፣ አባቷ ግን ከዚህ ቀደም የሌላ ሰው ሽማግሌዎችን ከደጃፍ መልሰዋል። ይህን የሰማው ወንድሜ እህል አልወርድልህ አለው። ሽማግሌዎቻችን አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አባባ ሆኑ፤ ተናጋሪው አባባ፣ ሾፌሯ እኔ።

ጋቢናው የታላቅ ነው፤ ይህ በእኛ ዘንድ አያነጋግርም። ጠዋት ወንድሜ የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ ከበሩ ስር አስቀመጠ፣ አባባም ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሳጥኑን ረግጠው ወጡ። መርቀውን ተነሳን። ሳጥኑን መኪናው ላይ መጫን ማናችንም ትዝ አላለንም።

ልጅ የሚለምን ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚለምነው። ሽማግሌ ራቅ ብሎ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል፣ በር ላይ ቆሞ ግቡ እስኪባል ይጠብቃል። እኛም አስፋልቱ ዳር ደረስን፤ ከፍ ያለ የድንጋይ እርከን ነበር፣ እዚያ ብጠጋ አባባ በቀላሉ ይወርዱ ነበር። ከዚያ እስከ ልጅቷ ቤት ያለው ግን ጭቃ ነው። "እዚሁ አውርጂን" አሉኝ ቄሱ። "እስከ በሩ ነው የማደርሳችሁ! ይቺ መኪና ለምን ተሠራች?" አልኩና ገባሁበት። አንዴም ሳልንሸራተት በሩ ድረስ ወሰድኳቸው። የልጅቷ አባትና አጎቶቿ ደጅ ቆመው ነበር፤ አጎቶቿ ከእንግዶቹ ይልቅ መኪናዋን ሲያዩ አየሁና ደስ አለኝ።

ቄሱና መምህሩ ከኋላ ወርደው ወደ ፊት ሄዱ። አባባ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። እግራቸው ከታች የሚረግጠውን ፈለገ፣ ፈለገና አጣ። ዞር ብለው አዩኝ።

"ኢንተላኮ" አሉ፣ በቀስታ።

መውረድ፣ ዞሬ መሄድና በብብታቸው መያዝ ነበረብኝ። ሴት ከሽማግሌ ጋር አትቆምም፣ እኔ ሾፌር ነኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። አጎቶቿ በዚያች መኪና ተደንቀው ሳለ ሽማግሌ እንደ ጆንያ ተሸክሜ ሳወርድ እንዲያዩኝ አልፈለግሁም። መሪውን ብቻ ያዝኩ።

አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበሩን ጨብጠው ተንሸራተቱ። ከዚያ በመስኮቱ ጭንቅላታቸው አልታየኝም። ጎንበስ ብዬ በተከፈተው በር ሳይ ጭቃው ውስጥ በሁለት ጉልበታቸው ወድቀዋል፣ ጀለቢያው እስከ ወገቡ ቡናማ ሆኗል። ተደግፈው ሊነሱ ጎማውን ዳበሱ፤ ትልቁ ጎማዬ በጭቃ ተለስኖ የሚጨበጥ ነገር አልነበረውም። ቄሱና መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ አጎቶቿም በሩ ከልሏቸው ሲወድቁ አላዩም። ሁሉም ዞር ያሉት ከወደቁ በኋላ ነው። አባባ ጎማውን ተዉት፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። እሺ እስክትሉን ከዚህ አልነሳም!"

"እሺ ካላላችሁ አልነሳም" የሽማግሌ ወግ ነው፤ የሚባለው ግን ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ጭቃ ላይ ተንበርክኮ እንዲህ ያለ ሰው የቤቱ ሰዎች አይተውም ሰምተውም አያውቁም። የልጅቷ አባት እየሮጡ መጡ። "ኧረ በማርያም! ይነሱ አባቴ፣ እሺ ብያለሁ፣ ይነሱ!" እያሉ በሁለት እጃቸው አነሷቸው። ሁለት ሦስት ቀጠሮ የሚፈጅ ነገር ደጃፍ ላይ አለቀ።

ስንመለስ ቄሱና መምህሩ እንዲህ ያለ ሽምግልና ታይቶ አይታወቅም እያሉ መንገዱን ጨረሱት። አባባ ጉልበታቸውን ይዘው በመስኮት ያያሉ። ጅማ ስንደርስ "አባባ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት" አልኳቸው።

"በባጃጅ እሄዳለሁ። ባጃጅ ዝቅ ትላለች" አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

በጥር ሠርግ የልጅቷ አባት ከተሰበሰበው ሰው ፊት ተነስተው፣ "እኚህ አባት ለልጄ ሲሉ ጭቃ ላይ ተንበርክከዋል!" አሉ። እልልታው ቀለጠ፣ ወንድሜ አለቀሰ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው "አልሃምዱሊላህ" አሉ እንጂ አላስተባበሉም፤ ወደ እኔም አላዩም። እኔ የምግብ ነገር የማይ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሠርጉ ባለፈ ሰሞን ጋራዡ ተመለስኩ። መካኒኩ ግራ ገብቶት "ሁለት ላድርግልሽ?" አለ። እንደነበረች አድርግልኝ አልኩት፤ መርገጫውንም አስገጠምኩ። ከዚያ አባባ ደጅ አቁሜ፣ "ዝቅ አድርጌያታለሁ፣ ይውጡ" አልኳቸው።

ከዘራ ይዘው መጡ። በፊት ከዘራ አይዙም ነበር። በሩን ይዘው እግራቸውን ወደ መርገጫው አነሱ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። መኪናዋ ወደ ነበረችበት ተመልሳለች፣ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ያንን የለስላሳ ሳጥን ከቤት አምጥቼ አስቀመጥኩ፣ እሱም አልበቃ አለ። ከዘራቸውን ተቀብዬ በብብታቸው ገባሁ።

"ሜ፣ እስቲ፣ እሸከምዎታለሁ ያልሽኝ ቀን ይኸው ደረሰ" ብለው ሳቁ።

አቅፌ አነሳኋቸው። በጣም ቀላል ነበሩ። ያን ቀንም እችል ነበር።