ጣሪያ ያልሆነው ክምር

ሰይድ እባላለሁ። ሙያዬ ቤት በሣር መክደን ነው፤ ወይም ነበር። ደርግ ከገባ ወዲህ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ቆርቆሮ ያልለበሰ ቤት እየጠፋ ሲሄድ መሰላሌን አስቀምጬ የማውቀውን ሁሉ ላገኘሁት ሰው ማስረዳት ያዝኩ። ባለቤቴ ሸፊቃ "ያ ረቢ፣ ወይ ሥራ ስጠው፣ ወይ ምላሱን አሳርፈው" ትል ነበር።

አንድ ቀን በጥር ወር እትዬ ኡሙሰልማ ከቦሩ ሜዳ አስጠሩኝ። ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ ያላቸው አንዲት የምትታለብ ላምና የእሷው ልጅ የሆነች ጊደር ነው። በጥቅምት ያጨዱት ድርቆሽ ተከምሮ ሳለ በታኅሣሥ ያልታሰበ ዝናብ መታውና ውጪው ጠቆረ። ሙሄዲን የሚባል የከብት ነጋዴ ደግሞ ጊደሯን ሊገዛ ከኮምቦልቻ መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል። ድርቆሹ የበልግ ሣር እስኪደርስ ለሁለቱ ከበቃ ጊደሯ ትቀራለች፤ ካልበቃ ዛሬውኑ ትሸጣለች።

"አንተ ሣር ታውቃለህ። ምን ያህሉ እንደተበላሸ ንገረኝ" አሉኝ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! ወዲያው ማስረዳት ጀመርኩ። የሣር ክዳን ላዩ አንድ ስንዝር ያህል ይጠቁራል፤ የጠቆረው ለሥሩ እንደ ካፖርት ነው። እጃችሁን ከታችሁ ብትስቡ የሚወጣው ሣር ትናንት የታጨደ ይመስላል። ይህን እያልኩ መሰላሌን አስደግፌ ወጣሁ፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ሳብኩ፣ አሸተትኩ፣ አኘክሁም። ደረቅ ነው፣ ይጣፍጣል።

"እትዬ፣ አይስጉ! የተበላሸው ይቺ ቅርፊት ብቻ ናት!"

"ታቹስ?" አለ ሙሄዲን።

"ጣሪያ ምን ታች አለው?"

"ጣሪያስ የለውም። ጊደሯ ግን ጣሪያ አይደለም የምትበላው፣ ጓድ ባለሙያ።"

ተናደድኩ። እኛ ክዳን ሠሪዎች ቤት ስናስረክብ ባለቤቱ እያየ ጣሪያው ላይ ወጥተን እንረግጣለን፤ ማረጋገጫችን እሱ ነው። እኔም ክምሩ አናት ላይ ቆሜ ረገጥኩ። ክምሩ ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎኝ በኃይል ደገምኩት። ክምሩ እንደሚንበረከክ ግመል በዝግታ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ እኔም በደረቴ ተንሸራትቼ ሙሄዲን እግር ሥር፣ ጥቁርና ሙልጭልጭ ያለ ብስባሽ ውስጥ ገባሁ።

"አሁን ታቹን አየኸው?" አለኝ በብብቴ ይዞ እየጎተተ።

እትዬ አልሳቁም። የሚያዩት ጊደሯን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሁን እንኳ ሳስረዳው ደስ ይለኛል። ጣሪያ የሚቀመጠው እንጨት ላይ ነው፣ በሥሩ ነፋስ ያልፋል። ክምር ግን መሬት ላይ ተቀምጦ እርጥበቱን ይጠጣል። ያቺ የናቅኋት ስንዝርም ብትሆን ቀላል አይደለችም። ያረረ ድፎ ዳቦ ዙሪያውን ጣት በምታህል ውፍረት ቢላጥ ለቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚተርፍ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ክብ ነገር ሀብቱ ዳር ዳሩ ላይ ነው።

በእቅፍ በእቅፍ እያወጣን ደህናውን በአንድ በኩል፣ የሻገተውን በሌላ በኩል ከመርን። ሁለቱ ክምሮች እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

"ለአንዷ ይበቃል" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም። ሸፊቃ ብትሰማኝ አታምንም ነበር።

እትዬ ኡሙሰልማ የጊደሯን ግንባር አሻሹ። "በይ ሂጂ፣ እናትሽ ትጥገብ" አሉና ገመዱን ለሙሄዲን ሰጡት። እሱም ያን ጊዜ አልቀለደም፤ ቀስ አድርጎ ይዟት ወረደ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ወዴት ልትሄድ ነው? የቀረውን ከምርልኝ እንጂ!"

ድንጋይ ደረደርኩ፣ በላዩ እንጨት ረበረብኩ፣ ድርቆሹን ከምሬ አናቱን እንደ ጎጆ ከደንኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ጣሪያ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፤ ላሚቱ ግን የበልግ ሣር እስኪደርስ ጨርሳ በላችው።

እስከ ዛሬ ቦሩ ሜዳ ክምር እንዳይ ሲጠሩኝ ባለቤቱ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት መሰላሌን ይቀበለኛል።