ያበበው እንሰት

ፀደይ ሲገባ ሱቄን ለባለቤቴ ትቼ፣ ካሜራ አንግቼ ወደ ሌሞ ገጠር እወርዳለሁ። የሆሳዕና ነጋዴ ጓደኞቼ መሬት ልገዛ የምዞር ይመስላቸዋል። አላስተባበልኩም፤ ወፍ ፎቶ አነሳለሁ ከማለት ይሻላል።

አደዩንም ጅግራውንም አንስቻለሁ። ያበበ እንሰት ግን አልነበረኝም። እንሰት ሳያብብ ነው የሚፋቀው፤ አብቦ ከቆየ ሥሩ ይመነምናል፣ ጎረቤትም «የሰነፍ ጓሮ» ይላል።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የሌሞ እናት ሳሙና ሊገዙ መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከቤታቸው ኋላ አንድ እንሰት ተረስቶ ማበቡን ነገሩኝ።

«ነገ የሰፈሩ ሴቶች እንሰት ሊፍቁልኝ ለደቦ ይመጣሉ። ሳያዩት ዛሬ አስቆርጠዋለሁ።»

«እማማ፣ እስከ ጠዋት ያቆዩልኝ። ከሴቶቹ ቀድሜ ፎቶ ላንሳው።»

«ነውሬን?»

ዕቃ መውደዱ ፊቱ ላይ በሚነበብ ገዢ ላይ ዋጋ ስጨምር የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን የራሴን ፊት መደበቅ አቃተኝ። አይተውኝ፣ «ብታረፍድ አታገኘውም» አሉና ሳሙናቸውን ይዘው ሄዱ።

አረፈድኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ የተሳፈርኩበት ጋሪ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ የቀረውን በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ሴቶቹ ቢላቸውን ይዘው ጓሮ ገብተዋል። አለቀ ብዬ በአጥሩ አጮለቅኩ።

ቆሟል። ወይን ጠጅ የሚመስለው ትልቅ አበባ ቁልቁል ተንጠልጥሏል፣ ንብ ይተራመስበታል። አንዲት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ ተገልብጣ ማሩን ትጠባለች።

እማማ እንዳዩኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይኸው፣ እንዳላስቆርጠው የለመነኝ ነጋዴ መጣ። እኔማ ድሮ በቆረጥኩት» አሉ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሱቅ ዘግቶ የሰው እንሰት ይጠብቃል?» አለች አንዷ። ስንፍናው ከእሳቸው ወርዶ እኔ ላይ ተጫነ። እኔም በደስታ ተሸከምኩት፤ እጄ እስኪዝል ፎቶ አነሳሁ። ወፏም አልቸኮለችም። ስጨርስ በአንድ የገጀራ ምት ጣሉት፤ እማማ የዚያን ጊዜ ገና ፊታቸው ተፈታ።

ጫማዬን ከጭቃ ሳላቅቅ ቅድም «ሱቅ ዘግቶ» ብላ የሳቀችብኝ ሴት አጥሩ ዘንድ ተጠጋችኝ።

«የኛም ጓሮ አንድ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ና። አንተ ነህ ያስቆየኸኝ እላለሁ።»