ማግ ይዤ ወደ እስቴ

ልጄ ብርቱካን በጥር ትዳራለች። እናቷ «ያለ ጋቢ ከቤቴ አትወጣም» ብላ ክረምቱን ሙሉ ማጉን ስትፈትል ከረመች። የእኔ ድርሻ ማጉን እስቴ ወስዶ ሸማኔው ሙጬን ማሠራት ነበር። በኅዳር መጨረሻ አንድ ቀን ማለዳ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ ተነሣሁ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ይታጨዳል። ደብረ ታቦር ስደርስ የነቢያት ጾም ነበርና ሽሮ አዘዝኩ። ዋጋውን ብጠይቅ አስተናጋጇ፣ «አባባ፣ ከበሉ በኋላ ይጠይቁ፤ አለዚያ አይወርድልዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

መካነ ኢየሱስ

ሙጬን ያገኘሁት በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ፣ ለግንበኞች ድንጋይ ሲሸከም ነው። ቤቱ ብንገባ እግሩን ሰዶ የሚሸምንበት ጉድጓድ ድንች ተሞልቷል።

«ሰነፍክ እንዴ ሙጬ?» አልኩት። ልጆቼን «ድህነት የስንፍና ልጅ ነው» እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።

ሳቀ። «አያ፣ ማጉን የጠቀለሉበት ምንድን ነው?»

አየሁት። አምና ወገዳ ገበያ በርካሽ የገዛሁት የውጭ ብርድ ልብስ ነው።

«ዶላሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የፋብሪካ ድር አልቀመስ አለ» አለኝ። «ብርድ ልብሱም ተወዷል። ግን ማሽን በቀን የሚያወጣውን እኔ በዓመት አልጨርሰውም። ሰውም እንደ እርስዎ ርካሹን ይገዛል።»

የሩቅ አገር አበዳሪዎች ድሃውን አገር «ገበያውን ልቀቁት፣ ብርቱ ያሸንፋል» እንደሚሉት በሬዲዮ ስሰማ፣ ልክ ናቸው እል ነበር። ከሙጬ የበረታ ሰው አላውቅም። ሙጬ አላሸነፈም።

«ድሩን እኔ እገዛለሁ፤ ድንቹን አውጣ» አልኩት።

«ማን ሊሸከመው?»

«እኔ።»

አብረን አወጣነው፤ ሚስቱም ቀቅላ አበላችን። ሙጬ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሲሰድ ፊቱ በራ። «ለአንድ ጋቢ ብቻ ነው እንግዲህ» አለ። ይቀጥላል ብዬ አልዋሸሁትም።

መልስ

በስምንተኛው ቀን ጋቢው አለቀ። ብርድ ልብሱን ልተውለት ብል፣ «ባላንጣዬን ከቤቴ ያውጡልኝ» ብሎ አስታቀፈኝ።

ቤት ስገባ ብርቱካን ጋቢውን ደረበችው። እናቷ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሙጬ እንዴት ነው አባዬ?» አለችኝ ልጄ።

«ድሃ ሆኗል» አልኳት።

የማስከትለውን የስንፍና ምሳሌ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለችና ጠበቀች። አልተናገርኩትም።